አንበሳ አልነበረም

የጥርስ ሐኪሙ ገና ልጅ እግር ነው። ሊጥ የመሰለ ቀዝቃዛ ነገር በብረት ሞልቶ አፌ ውስጥ ከተተና «እማማ፣ ይንከሱት፤ አይዞዎት» አለኝ። ነከስኩት። ኖራና እርጥብ አፈር የሚሸት ነገር ነው። በመስኮቱ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማኛል፤ የገበያ ቀን ነበር፣ ሆሳዕና ደግሞ በገበያ ቀን አንዴ ከጮኸች ዝም አትልም። በሌላ ቀን ስመለስ ሐኪሙ የራሴን መንጋጋ በነጭ ኖራ ቀርጾ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «አዲሱን ጥርስ የምንሠራው በዚህ ልክ ነው» አለኝ፤ ሌላም ብዙ ነገር አለ። እኔ አልሰማሁትም። ያቺ የኖራ መንጋጋ ይህ ነው የሚባል ክብደት የላትም፤ እኔ ግን በሁለት እጄ ይዣት ዓይኔን ጨፈንኩ። ሐኪሙ ስኳሬ የወረደ መስሎት ከረሜላ ሊፈልግልኝ ተነሳ።

ስኳሬ አልነበረም፣ ልጄ። ሌላ መንጋጋ ነው ትዝ ያለኝ። በጃንሆይ ዘመን፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በጆንያ ጠቅልዬ ከሀቢቾ ማዶ እስከ ሆሳዕና በጀርባዬ ያመጣሁት መንጋጋ። ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ ለአንቺ ልንገርሽ።

አያቴን አገሩ ሁሉ ውሸታም ይለው ነበር። ከእኩዮቼ ጋር ስጣላ የሚወረወርብኝ የመጀመሪያው ስድብ «ሂጂ፣ የውሸታም ልጅ ልጅ!» የሚል ነው። ትልልቆቹ ደግሞ በተረት ይነካኩታል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ፣ እሱ እየሰማ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጀ ሰፊ ሰው ነበር፤ ጋቢው ሁልጊዜ ጭስና ቅቤ ይሸታል። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ እናቴ እኔን ይዛ እሱ ቤት ተመልሳ ነበርና፣ ያደግሁት በዚያ ጋቢ ውስጥ ነው ብልሽ ይቀለኛል።

ነገሩ የጀመረው እናቴ ገና ጡት ሳትጥል ነው። አያቴና አብሮ አደጉ ለአደን ወደ ጊቤ በረሃ ወረዱ። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር ትልቅ አውሬ የገደለ ሰው ክብሩ ሌላ ነበር። ሲሞት እንኳ ወንዶቹ ጦርና ጋሻ ይዘው በፈረስ እየዞሩ፣ ሴቶቹ የገደለውን አውሬ በስሙ እየጠሩ ነው የሚያለቅሱለት። ሁለት ሆነው ወረዱ፤ አያቴ ብቻውን ተመለሰ። «ጓደኛዬን አውሬ በላብኝ። አውሬውን እኔ ወጋሁት፤ ሁለቱም ተያይዘው ገደል ገቡና የወንዙ ሙላት ወሰዳቸው» አለ። ምን ዓይነት አውሬ ነው ሲሉት «አላውቀውም» አለ። አንበሳ ነው? «አይደለም።» ጅብ ነው? «ጅብም አይደለም። ጭንቅላቱ ለገላው አይመጥንም፣ በጣም ትልቅ ነው። ጀርባው የደረቀ የእንሰት ቅጠል መልክ አለው፤ ጭኑ ላይ ነጭ ሰንበር አለ።»

በአገራችን ወግ «ገደልኩ» የሚል ሰው ወይ ከአውሬው አካል፣ ወይ ያየ ሰው ምስክር ማምጣት አለበት። አያቴ ሁለቱም አልነበረውም። አብሮት ያየው ሰው ወንዝ ገብቷል። የሚታወቅ አውሬ ቢጠራ ኖሮ ምናልባት ይታለፍ ነበር፤ ማንም የማያውቀውን ሲጠራ ግን ሹክሹክታው ተጀመረ። ጓደኛውን ለሙላት ጥሎት ሮጧል ያለ አለ። ተጣልተው ገፍትሮታል፣ ለመሸፈኛ ደግሞ አውሬ ፈጥሯል ያለም አለ። ሽማግሌዎቹ የሰው ነፍስ ነውና ሊፈርዱም ሊለቁም አቃታቸው። እውነቱ እስኪጠራ ድረስ ሁለቱ ቤተሰቦች እሳት እንዳይጫጫሩ፣ ውኃ እንዳይሰጣጡ ብለው ተነሱ። ሳይጠራ አያቴ ቢሞት የሟች ወገን ለቀብሩ አይመጣም፣ ጦርም አይነሳለትም። «እንደ ውሻ እቀበራለሁ» ነበር የሚለው እሱ ራሱ፣ ሌላ ወሬ የሚያወራ ያህል ረጋ ብሎ።

የሟች ሚስት ቤት ከእኛ ግቢ ፊት ለፊት፣ ከጅረቱ ማዶ ነው። ልጆቿን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ጠዋት ጠዋት እንስራዋን አዝላ ወደ ውኃ ስትወርድ አያቴ ደጁ ላይ ተቀምጦ ያያታል። እሷ ፊቷን ወደ እንሰቱ ታዞራለች። እንዲሁ ፊቷን እያዞረች አረጀች፤ እሱም እያያት አረጀ። አንድ ቀን «ለምንድን ነው የምታያት፣ አባባ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ምናልባት ዛሬ ታየኝ እንደሆነ ብዬ» አለኝ።

ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ደረቱን ታመመ። እኔ ሆሳዕና አክስቴ ጋ እየተቀመጥኩ ነበር የምማረው፤ ቅዳሜ በእግሬ እመጣለሁ። በመጣሁ ቁጥር ከሰውነቱ የሆነ ነገር ጎድሎ አገኘዋለሁ። ሳሉ ከበር ላይ ይሰማል፤ ደረቅ ነው፣ እንጨት እንደሚሰነጥቅ ሰው። ገና ስገባ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «በር ላይ ሰው አለ?» የለም እለዋለሁ። ማንን እንደሚጠብቅ ሁላችንም እናውቃለን። ሞቱን አልነበረም የፈራው። ያቺ ሴት ሳታምነው መሞቱን ነው የፈራው። እናቴ ማልቀስ ሲያምራት ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል ትገባለች፤ ትልልቁ ቅጠል ሲንቀጠቀጥ እያየሁ እያለቀሰች መሆኑን አውቃለሁ።

በዚህ መሃል ከብት ይዞ ቆላ የሚወርድ አንድ ጎረቤታችን ከጊቤ ተመለሰ። ጎርፍ ከናደው ገደል ሥር ያገኘውን መንጋጋ በአህያው ጭኖ መጥቷል። ሊያሾፍ ይሁን ከልቡ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ «ይኸው አውሬህ ተገኘልህ» ብሎ አያቴ አልጋ ላይ አኖረለት።

ያን ቅዳሜ ስመጣ አያቴን ተቀምጦ አገኘሁት። ጢሙን ተላጭቷል። መንጋጋውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ በሁለት እጁ ይዞታል። ጥቁር ቡናማ ነው፤ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ይደርሳል። ፊት ያለው ትልቁ ጥርስ ጫፉ ተሰብሯል፤ የጉንጮቹ ጥርሶች ግን እስከ መጨረሻው ድረስ እንደ ቢላ የሾሉ ናቸው። እሳት አጠገብ ውሎ እንኳ ይቀዘቅዝ ነበር። በጥፍሬ ሳንኳኳው የድንጋይ ድምፅ ሰጠ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ድምፁን ልብ የምልበት ልብ የለኝም።

«ራሱ ነው፣ ልጄ» አለኝ። «እንዲህ አፉን ከፍቶ ነው የመጣብን።» ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ። ሲያለቅስ አይቼው የማላውቀው ሰው ያን ቀን አለቀሰ።

ሽማግሌዎች መጥተው አዩት። ጅብ የሚያውቅ ሁሉ የጅብ አይደለም አለ። በወጣትነቱ አንበሳ የገደለ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ እሱም አገላብጦ አይቶ የአንበሳ አይደለም አለ። ያኔ ቤታችን ውስጥ የሰው ድምፅ ተለወጠ። ዋናው ሽማግሌ ጥቂት አሰበና «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እስቲ የተማረ ሰው ይየውና የምን አውሬ እንደሆነ ይንገረን። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ቤት አስታርቀን ውኃ እናጠጣለን» አለ። ለሟች ሚስትም ተላከባት። እመጣለሁ፣ ጆሮዬ ይስማ አለች። ይህ ሲነገረው አያቴ ወደ እኔ ዞሮ «አስተማሪሽ» አለኝ።

የሳይንስ መምህራችን ከህንድ የመጣ ሰው ነበር። የአጥንት ስም የሚያውቅ፣ እንቁራሪት በጠርሙስ የሚያኖር፣ ሲያስተምር ጠመኔው በእጁ የሚሰባበርበት ደግ ሰው። መንጋጋውን በጆንያ ጠቅልዬ አዘልኩና ተነሳሁ። ሆሳዕና ስደርስ አክስቴ ቤት ሥር ሱቅ ያላቸው ጉራጌው ነጋዴ «ምን አዝለሽ ነው እንዲህ የጎበጥሽው?» አሉኝ። «የአያቴን ስም» አልኳቸው። ልጅነት ነው፤ ስቀው አለፉኝ።

መምህሩን ከትምህርት በኋላ ክፍል ውስጥ አገኘሁት። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ የጠመኔው ብናኝ ይታያል። ጆንያውን ስፈታ ጠመኔውን አስቀመጠ። መንጋጋውን ወደ ብርሃኑ አስጠጋ፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ አንዱን ጥርስ አሸት አደረገው፣ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውርዶ ሲገልጥ ሲገልጥ ቆየና አንድ ሥዕል አሳየኝ። የአውሬው ጭንቅላት ለገላው አይመጥንም፤ በጣም ትልቅ ነው። አያቴ ዕድሜ ልኩን የተናገረው ቃል ከነመልኩ ወረቀት ላይ ቆሟል! «ሰር፣ ይህን አያቴ ገድሎታል!» ብዬ ጮህኩ፤ እያለቀስኩ ነው የምስቀው።

መምህሩ የምቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምረው ቀስ ብሎ ያስረዳኝ ጀመር። ይህ አጥንት የነበረ ድንጋይ ነው አለኝ። ዛሬ ያሉት ሥጋ በሎች ሥጋ የሚቆርጡበት ዋና ጥርስ በየጎኑ አንድ ጥንድ ነው፤ የዚህ ግን ተከታትለው ብዙዎቹ መቁረጫ ናቸው። ሃያኖዶን ከሚባለውና ከዘመዶቹ ወገን ይመስለኛል፣ በጣም የጥንት ሥጋ በል ነው፣ ጅብም አንበሳም ዘመዱ አይደለም አለኝ።

«ዘሩ የጠፋው ሰው የሚባል ፍጥረት ምድር ላይ ከመምጣቱ በፊት ነው» አለ።

«ያየው ሰው የለም?»

«ማንም የለም። ሊኖርም አይችልም።»

ወንበር ሳልፈልግ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የሲሚንቶው ቅዝቃዜ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ስለ ወንዙ፣ ስለ ጓደኛው፣ ስለ ባልቴቷ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ሁሉንም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «የማላምንበትን ነገር አልናገርም» አለኝ በመጨረሻ። «ግን ይህን ብቻሽን አትሸከሚም። ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ።» ደግነቱ ነበር። ደግነት አንዳንዴ እንዲህ ሰው ይገድላል።

ሽማግሌዎቹ በሚቀመጡበት ቀን በተከራየ በቅሎ አብሮኝ መጣ። በቅሎ ላይ መቀመጥ አይችልም፤ መንገዱን ሁሉ የኮርቻውን ጫፍ በሁለት እጁ አንቆ ይዟል። መንጋጋው ጀርባዬ ላይ ነው፤ ስሄድ ያልከበደኝ ስመለስ ከበደኝ። ሳስበው የነበረው አንድ ነገር ነው። ከእኔ በቀር ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ማንም የለም። እሱ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኔ በሀዲይኛ እመልሳለሁ፣ የአያቴ ነገር በእኔ ምላስ ላይ ነው። በየዳገቱ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እያበጀሁ በየቁልቁለቱ እጥለው ነበር።

ስንደርስ ግቢያችን ሰው ሞልቷል። አያቴን ከነአልጋው አውጥተው ሣሩ ላይ አኑረውታል። እናቴና የሰፈሩ ሴቶች ለእርቁ አታካና ሠርተዋል፤ ቡላው በወተትና በቅቤ ሲበስል ሽታው እስከ ጅረቱ ይደርስ ነበር። ባልቴቷ ከልጆቿ ጋር ራቅ ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ተቀምጣለች። ግቢያችንን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። አያቴ በዓይኑ ጠራኝና ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ።

«የሚለውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ተናገሪ» አለኝ። «እኔን እዚህ ያደረሰኝ ሰው የጨመረበት ወሬ ነው።»

በየዳገቱ ያበጀሁት ሁሉ በዚች ቃል አለቀ። መምህሩ ተናገረ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ። ድንጋይ ነው አልኩ። ጅብም አንበሳም አይደለም አልኩ። ከሰው በፊት የነበረ ነው፣ ያየው ሰው የለም፣ ሊኖርም አይችልም አልኩ። የመጨረሻውን ስል የራሴን ድምፅ የሌላ ሰው አድርጌ ነበር የሰማሁት። ከበረቱ ጥጃ ጮኸ። ከወጣቶቹ መሃል አንዱ ሊስቅ ሲል ሰው ገሰጸው። አያቴ ፊቱ አልተለወጠም፤ ጋቢው ላይ የነበሩት እጆቹ ብቻ ቀስ ብለው ተዘጉ።

ዋናው ሽማግሌ ደግ ሰው ነበር። ነገሩ እንዲያልቅ ይፈልግ ነበር፤ የሚሞት ሰው ፊት መቀመጥም ከብዶታል። ተነስቶ ከባልቴቷ ልጆች ጋር ተንሾካሾከና መጥቶ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

«ስማኝ፣ ወንድሜ» አለው። «ድንጋዩን እንርሳው። አንተ ያየኸው በምሽት ነው፣ በድንጋጤ ነው። "አንበሳ ነበር፣ ተሳስቼ ነው" በል። እኛ እንቀበልሃለን። እነሱም እሺ ብለዋል። አሁኑኑ ውኃ ትጠጣላችሁ። አንዲት ቃል ናት።»

እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች። «በል፣ አባዬ! ስለ እግዜር በል!» እኔም ተንበርክኬ እጁን ያዝኩ። «በል፣ አባባ» አልኩት፤ ከአንጀቴ ነው ያልኩት። መምህሩ ምን እየተባለ ነው እያለ ትከሻዬን ይነካካኛል።

አያቴ ወደ ባልቴቷ አየ። እሷም ያን ጊዜ ፊቷን አላዞረችም። ረጅም ጊዜ ተያዩ።

«አንበሳ አልነበረም» አለ አያቴ።

«ታዲያ ምን ነበር?» አለ ሽማግሌው፤ ሊቆጣም ሊያለቅስም የደረሰ ድምፅ ነበር።

«አላውቀውም። ይህ መንጋጋ የሱ መስሎኝ ነበር፤ የተማረው ሰው አይደለም ካለ አይደለም። አንበሳ ግን አልነበረም።»

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ተነሱ። ባልቴቷም ተነሳች፤ ጅረቱን እስክትሻገር አየናት፣ ዘወር አላለችም። አታካናው እዚያው ቀረ። ቅቤው ከላይ ረግቶ ቢጫ ሆነ፤ ልጆች እንኳ አልነኩትም። መምህሩ የሆነውን ሁሉ ስነግረው ፊቱ ገረጣ፤ የአያቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ። ሊሄድ ሲል መንጋጋውን ደህና ቦታ እንዳስቀምጥለት፣ አዲስ አበባ ለሚመለከታቸው ሰዎች እንደሚያሳውቅ ነገረኝ። ልጄ፣ በዚያን ሰዓት አዲስ አበባ ለእኔ ምኔ ናት!

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። አያቴ ማታ ማታ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ «በር ላይ ሰው አለ?» ይለኛል። እወጣለሁ፣ አያለሁ፣ የለም እላለሁ። እናቴ «አለ በይው፣ ምን አለበት?» አለችኝ። አንዲት ቃል መዋሸት ያቃተውን ሰው እንዴት አድርጌ ልዋሸው? አንድ ቀን ግን ንዴቱ አሸነፈኝና «አንበሳ ብትል ምን ትሆን ነበር? ይኸኔ አርፈህ ነበር!» ብዬ ጮህኩበት። አልተቆጣኝም። ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቀ።

«እኔ አርፍ ነበር» አለኝ። «ጓደኛዬ ግን ምን እንደበላው ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ከዋሸሁ እንዴት እንደሞተ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።»

አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ሞተ። እናቴ ጮኸች፤ የሰፈሩ ሰው መጣ፤ ቁጥሩ ግን ትንሽ ነበር። ወንዶቹ ባዶ እጃቸውን ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንድ መዝሙር ዘመሩ፣ አጭር ጸሎት ተደረገ፣ ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ሥራ ሳይጠራ ዝም ከተባለ ውርደት ነው። ቃሬዛውን ሊያነሱ ሲጎነበሱ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ።

ባልቴቷ በሩ ላይ ቆማለች። ልጆቿ ከኋላዋ ናቸው፤ ጦር ይዘዋል።

ማንም አልተነቃነቀም። በሰዎቹ መሃል አልፋ ቃሬዛው አጠገብ ደረሰች። ወደ ዋናው ሽማግሌ ዞራ «አንዲት ቃል ብሎ መዳን ሲችል ያላለ ሰው ነው» አለች። «ዛሬ ያልዋሸ ያኔም አልዋሸኝም። ባሌን ጥሎት አልሮጠም።» ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና የአውሬ ገዳይ ለቅሶ አወጣች። ድምፅዋ ያረጀና የተሰነጠቀ ነው፤ ግን አገሩን ሁሉ ሞላው። ስሙ የማይታወቀውን የገደልክ፣ አለች። አንበሳ ብለህ ማረፍ ስትችል ያላረፍክ፣ አለች። የባሏንም ስም አብራ ጠራች፤ ከዚያ ቀን በፊት ስሙን ስትጠራ የሰማ አልነበረም። ሴቶቹ ተቀበሏት። ወንዶቹ ጦር ፍለጋ ወደየቤታቸው ሲሮጡ አየሁ፤ አንዱ በፈረስ ተመለሰ። ያ ሊስቅ የነበረው ወጣት ግንባሩን ከደጁ ዛፍ ግንድ ጋር ያላትም ነበር።

መቃብሩ ላይ «ያን ድንጋይ አምጡልኝ» አለች። ሮጬ አመጣሁላት። ትንሽ አየችው፣ ጥርሶቹን በጣቷ ዳሰሰች። «የሱ አውሬ ባይሆንም ያመነው ይህን ነበር፤ ይዞት ይሂድ» ብላ ደረቱ ላይ እንዲያኖሩት አደረገች። አፈሩ ሲወርድበት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ ተሰማኝ።

መምህሩ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። መንጋጋውስ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። «ተቀበረ፣ ሰር» አልኩት። ወደ አዲሱ አፈር ዞረ። «ለሁለተኛ ጊዜ ማለት ነው» አለ፤ ቆፍሩልኝ አላለም። ለማንም እንዳልተናገረ የማውቀው፣ ድንጋይ ፈልጎ የመጣ ሰው እስከ ዛሬ ስለሌለ ነው።

ሐኪሙ ከረሜላውን ይዞ ተመለሰ። «ይህን የኖራ መንጋጋ ስትጨርሱ ምን ታደርጉታላችሁ?» አልኩት። «እንጥለዋለን» አለኝ። ስጠኝ አልኩት፤ እየገረመው እሺ አለ። አሁን መስኮቱ ላይ ያለው እሱ ነው፣ አንቺ ስትገቢ ያየሽው።

አንድ ነገር ግን ዘልዬብሻለሁ። ባልቴቷ በሩ ላይ ስትቆም፣ ቃሬዛው ዓይኔ ሥር እያለ፣ ሬሳውን ራሴ ገንዤው እያለ፣ ያየሁት እሷን ብቻ ነበር። ዞርኩና እግሬ ባወጣ ወደ ቤት ሮጥኩ። «አባባ! አባባ! በር ላይ ሰው አለ!» እያልኩ ገባሁ። አልጋው ላይ ጀርባው ያጎደጎደው ቦታ ብቻ ነበር።